የቡና ለቀማ ሰሞን በጌዴኦ፤ ጠመንጃው የት ነው ያለው?

ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ የይርጋለምን መገንጠያ በግራ ትቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ አገሩ እየለመለመ ይመጣበታል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ ሲደርስ ከተማዋን የከበቧት ኮረብታዎች ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስሉታል። ደን ግን አይደሉም፤ የሰው ጓሮ ናቸው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡናው፣ ከቡናው ግርጌ ደግሞ ጎመኑና ጎደሬው። በዚያ ሁሉ ቅጠል መሐል ቤት አለ፤ ከዚያ ቤት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ ቤት አለ። መንገድ ላይ ቆማችሁ ብትጣሩ ሰው ሳታዩ ከአራት አቅጣጫ መልስ ይመጣላችኋል።

ይህ አኗኗር ነው እንግዲህ መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው። ሌላ ቦታ ደን የሚጠበቀው ሰው ወጥቶለት ነው። እዚህ ሰውና ዛፍ አብረው ኖረዋል። ይህን ጉዳይ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስለ ጥይት ስናወራ ያስፈልገናል።

እኔ ዲላን ያወቅኋት አገሩ ሲዳሞ ክፍለ ሀገር በሚባልበት ዘመን፣ የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ለሥራ ተመድቤ ስመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወዲያና ወዲህ ቢያዞረኝም፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በየዓመቱ በቡና ለቀማ ሰሞን አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቤት እንግድነት እሄዳለሁ። ዘንድሮ ልነሳ ስል ጎረቤቴ መጣችና፣ ልጆቿ ለእረፍት ወናጎ አካባቢ ወዳሉት አያታቸው ሊሄዱ መሆኑን ነግራኝ ምን ልያዝላቸው አለችኝ። ሹራብ ያዢ፣ ቡሌ ከወጡ ይበርዳቸዋል አልኳት። ለቆላው አጎበር አትርሺ፣ ወባ አለ አልኳት። ቀጠልኩና "አያታቸው ቤት ጠመንጃ አለ?" ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ቆይታ "አለ መሰለኝ፤ የአባቴ አባት ነው። ግን ማንም አይነካውም" አለችኝ።

"ማንም አይነካውም" የሚለውን ቃል በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ብዙውን ጊዜ የሰማሁት ግን በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነው።

ስለዚህ የዘንድሮውን ጉዞዬን ቡናውንም ጠመንጃውንም እያየሁ ነው የተጓዝኩት።

ከዲላ ወደ ወናጎ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ በለቀማ ሰሞን ግን ዓይን አይጠግብም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች እያገላበጡ እንከኑን ይለቅማሉ። የዓመት ልፋት እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ስለሚያድር ሌሊቱን ጠባቂ አያጣውም። አንዳንዱ ጠባቂ ዱላ ይዟል፣ አንዳንዱ ባትሪ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠመንጃ። ጓሮ ውስጥም ዝንጀሮና ከርከሮ አለ፤ ጃርት እንሰት ሥር እየቆፈረ ያጠፋል። ገበሬው ጠመንጃ ልያዝ ሲል የሚያቀርበው ምክንያት ውሸት አይደለም።

የእኛ ሰው ለጠመንጃ ስም ማውጣት ይወዳል። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር። ውጅግራ የፈረንሳዩ "ፊውዚ ግራ" በእኛ አፍ ሲዞር ነው፤ ሰናድርም የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ግን ከእነዚህ የተለየ፣ የአደን ጠመንጃ የምንለው፣ አንዳንዶች ረሽ የሚሉት ነው። አንድ እርሳስ ሳይሆን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እርሳሶችን በአንዴ የሚረጭ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን አለው፤ ከመሐሉ እንደ ክንድ ይታጠፋል፤ ጥይቱ ከኋላ ይገባል። ለወፍና ለትንንሽ አውሬ የተሠራ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። መናቁ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ከቅርብ ሲተኮስ እነዚያ ሁሉ እርሳሶች ገና ሳይበተኑ እንደ አንድ ቡጢ ነው የሚገቡት። ሆድ ውስጥ የሚያደርጉትን ያየ የጤና ባለሙያ ለስሙ አይሳሳትም።

ወናጎ አካባቢ አንድ አዛውንት ቤት ቡና ተፈላልን። የቤቱ እመቤት ጀበናውን ስታቀርብ እኔ ዓይኔን ወደ መኝታው ላክሁ፤ ከራስጌው በላይ እንጨት ችንካር ላይ ባለ ሁለት አፈሙዝ ተሰቅሏል። ሦስት የልጅ ልጆች አልጋው ላይ እየዘለሉ ይጫወታሉ። ትልቁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው።

"አባባ፣ ጎርሷል?" አልኳቸው።

"ኧረ ሲስተር! ባዶ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ አልነካሁትም።"

"እንየው እስቲ።"

እየሳቁ አወረዱት፤ አፈሙዙን ወደ ደጅ አዞሩና አጠፉት። የቀኙ ባዶ ነበር። በግራው የነሐስ ቂጥ ቁጭ ብሎ ነበር። አዛውንቱ ሳቁን አቆሙ። ጥይቱን አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያዙትና ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ልጆቹን "ውጡ፣ ውጪ ተጫወቱ" አሏቸው። እኚህ ሰው ዝንጉ አይደሉም። ቡናቸውን ያየ ሰው ጥንቁቅነታቸውን ያውቃል። ግን ባዶ ነው ብሎ ማሰብና ባዶ መሆኑን ማየት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካ ሚኒሶታ ያለች የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉበት፣ ክረምቱ ሰው የሚያስጨንቅ አገር ነው። ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ የሸክላ ኢላማ ተኩስ ቡድን አባል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊግ አላቸው። ሸክላ ይባል እንጂ ኢላማው ከኖራ ድንጋይና ከሬንጅ የሚጋገር፣ 11 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሰሃን ነው። ማሽን ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፤ ልጁ እየበረረ ይመታዋል። ዱሮ ዱሮ ይህ ጨዋታ በሕያው ርግብ ነበር፤ በ1900 በፓሪስ ርግብ ለቀው ተኩሰውባታል። ሰሃኑ መምጣቱ ለርግቧም ደግ ሆነ።

መጀመሪያ ስሰማ ሕፃን እጅ ላይ ጠመንጃ ማስያዝ ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። ሜዳው ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የጥንቃቄ ኮርስ ጨርሶ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ልጅ ቡድኑ ውስጥ አይገባም። ሁሉም ዓይኑ ላይ መነጽር፣ ጆሮው ላይ መድፈኛ አለው። ከሁሉ በላይ የገረመኝ፣ ከመተኮሻ ቦታው ውጭ ያለ ጠመንጃ ሁሉ ክፍት ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ታጥፎ እንደተሰበረ ክንድ ተንጠልጥሏል። ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ከሩቅ ሆኜ በአፈሙዙ ቀዳዳ የሰማይ ብርሃን አየሁ። ማንም ማንንም "ጎርሷል ወይ" ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። የዘጋ ሰው ይገሠጻል፤ ሁለተኛ ከዘጋ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ባዶ ነው የሚባል ነገር የለም፤ ባዶነቱ መታየት አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ ዲላ፣ እንዲህ ያለ ሜዳ የለንም። ሜዳው ባይኖረንም ደንቡን ለመውሰድ ቀረጥ የሚያስከፍለን የለም። ወናጎ ላሉት አዛውንትም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ቤት ውስጥ ያለ የሚታጠፍ ጠመንጃ ታጥፎ ይቀመጥ። ደግሞም በቀላሉ ሦስት ቦታ ይፈታል፤ አፈሙዙ ለብቻ፣ ሰደፉ ለብቻ፣ ከሥር የሚይዘው እንጨት ለብቻ። የተፈታ ጠመንጃ የሕፃን እጅ አይገጥመውም። የምንሽር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ የሚጎተተው ብረት ይወጣል፤ እሱን ሌላ ቦታ መቆለፍ ነው።

"ልጆቹ የት እንዳለ አያውቁም" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ወላጆችንና ልጆችን ለየብቻ ጠየቀ። ልጄ ጠመንጃው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ካሉት ወላጆች ውስጥ ከ100 የ39ኙ ልጆች እናውቃለን ብለዋል። ልጄ ነክቶት አያውቅም ካሉት ውስጥ ደግሞ ከ100 የ22ቱ ልጆች ነክተናል አሉ። ሌላው በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይበልጥ ያስደነግጣል። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን በትንንሽ ቡድን ከፍለው አንድ ክፍል አስገቧቸው። መሳቢያ ውስጥ የማይተኩስ እውነተኛ ሽጉጥ ተደብቆ ነበር። 48ቱ አገኙት። ከእነዚህ 30ዎቹ በእጃቸው ያዙት። 16ቱ ቃታውን ሳቡት። ካገኙት ግማሽ ያህሉ እውነተኛ ይሁን መጫወቻ አልለዩትም። በገና ገበያ የፕላስቲክ ሽጉጥ ገዝተን የምንሰጥ አያቶች ይህን ቁጥር ብናስበው መልካም ነው። እኔ ለልጅ ልጆቼ ኳስ ነው የምገዛው፤ ወላጆቻቸው ያኮርፉብኛል፣ ይሁን።

የአሜሪካ ነገር ከእኛ ይለያል የሚለኝ ካለ አንድ ነገር ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሳለሁ ሰባት ዓመት የሆነ ልጅ በሰው ጀርባ ታዝሎ መጣ። ወንድሙ ነው የመታው፤ አሥር ዓመቱ ነበር። አያታቸው ገበያ ሄደው ሳለ ታላቅየው ቁምሳጥን ላይ ወጥቶ አወረደው። ታናሹ ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለእኔ ከታናሹ ይልቅ የታላቁ ነገር ነው እስከ ዛሬ የማይረሳኝ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም። አንድ ጥግ ቁጭ ብሎ ለሁለት ቀን አፉ እህል አላለም። አያታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ያንን ጠመንጃ ለቤተሰባቸው ጥበቃ ብለው ነበር ያኖሩት።

ታዲያ ለምን አይጣልም? እዚህ ላይ አገሩን ያላወቀ ሰው ቶሎ ይፈርዳል። ጌዴኦ ውስጥ ነፍጥ የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነፍጥ ይዞ የመጣው ባለ መሬት ሆነ፣ ያልያዘው ገባር ሆነ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በቡና ምርት ድርሻ ከባለርስቶች ጋር ተጣልተው ሚጪሌ ላይ ሲነሱ ጦርና ገጀራ ይዘው ነበር ጠመንጃ ፊት የቆሙት። ብዙ ሰው አለቀ። ሽማግሌ ሁሉ ያንን ያስታውሳል ወይም ከአባቱ ሰምቷል። ወደ ቅርቡ ስንመጣ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥሮ ያደረ ሰው "መሣሪያህን ጣል" ሲሉት ጆሮው ምን እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ጎንዶሮ የሚሉት የቆየ የእርቅ ሥርዓት አላቸው፤ ሰው ለሰው ከጠመንጃ የተሻለ ዋስትና የሚሆነው እሱ ነው እላለሁ። ያ ግን የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው። የእኔ ሙያ እስከ መኝታ ቤቱ በር ድረስ ነው፤ ፍርሃቱ እውነት ቢሆንም ሕፃኑ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚተኛው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል። የአያት ውርስ ነው ማለት ፈቃድ አይሆንም። ወረዳ ፖሊስ ሄዶ መጠየቅ ነው። ዱር አራዊት ማደንም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚተዳደር ስለሆነ፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ አዳኝ ነኝ ማለት አይችልም።

ከወናጎ ወጣ ብሎ ቱቱ ፈላ አለ። ሣር መሐል የቆሙና የተጋደሙ ድንጋዮች፣ ገሚሶቹ ላይ የሰው ገጽታ የተቀረጸባቸው። ወደ ይርጋጨፌ ስትቀጥሉ ጨልባ ቱቱቲ ይገኛል፤ እዚያ ያሉት ረጃጅምና ለስላሳ ናቸው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለቱንም አሳዩአቸው፤ በአውቶቡስ መስኮት አይታለፍም። እኔ ቱቱ ፈላ ላይ ቆሜ ሳለ ከታች ሸለቆ ሁለት ተኩስ ተሰማ። አብሮኝ የነበረው ወጣት "ለቅሶ ነው" አለኝ፤ ለሟች ክብር ነው የሚተኮሰው። ሰርግም ላይ አለ።

ይህን ነገር አጥብቄ ልናገር። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ይወርዳል። የጦር ጠመንጃ እርሳስ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የአደን ጠመንጃው ጥቃቅን እርሳስ እንኳ ሁለት መቶ ሜትርና ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ልብ በሉልኝ ያልኩትን አስታውሱ፤ ጌዴኦ ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ስንት ቤት ነው? በቅጠል ተሸፍኖ የማይታይ ስንት ሕፃን ነው? ሚኒሶታ ያየሁት ሜዳ ከፊቱ ወደ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ሰው የማይረግጠው ባዶ መሬት አለው። ጌዴኦ ጓሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ መሬት አንድም የለም። ቡና መሐል ሌሊት "ኮሽ አለ" ብሎ መተኮስ ጎረቤት ላይ መተኮስ ነው። ለዝንጀሮውም ለጃርቱም ውሻ፣ አጥር፣ ባትሪና ጩኸት ይቅደም።

በፈቃድ ይዞ ለመጠቀም ለተገደደ ሰው ደግሞ ካየሁትና ከሰማሁት ጥቂት ልበል። የጌዴኦ መሬት ዳገታማና አዳላጭ ነው። ወንዝ ከመሻገራችሁ፣ አጥር ከመዝለላችሁ፣ ዛፍ ላይ ከማስደገፋችሁ በፊት ጥይቱን አውጡ። አፈሙዙን መሬት ላይ አትደግፉት፤ ጭቃ የጎረሰ አፈሙዝ ሲተኮስ ይፈነዳና ጣት ይወስዳል። ጥይት በቁጥሩ ነው። ባለ 12 የሚባለው ጠመንጃ ባለ 12 ጥይት ብቻ ይጎርሳል። (12 ያሰኘው ነገር ያስቃል፤ በአፈሙዙ ስፋት ልክ የተሠሩ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው።) ባለ 20ው ጥይት ቀጭን ስለሆነ ባለ 12 አፈሙዝ ውስጥ ሾልኮ ይቀረቀራል፤ ሰውየው ባዶ መስሎት ሌላ ሲጨምርበት አደጋ ነው። እርጥበት የነካውን የቆየ ጥይት አትሞክሩት። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም፣ ስለዚህ በመድፈኛ ይደፈን። እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ለልጅ ጉርሻ አይሰጥም። ጠጅና አረቄ የቀመሰ ሰው ጠመንጃ አያወርድም፤ ይህን ማስከበር የእናንተ የእናቶች ነው። ሌላም አለ፤ ቤት ውስጥ በኀዘን ወይም በጭንቀት የተዋጠ፣ ከሰው የራቀ፣ መኖር የሰለቸኝ የሚል ሰው ካለ ጠመንጃው በዚያው ቀን ከቤት ይውጣ፣ ሰውየውም ብቻውን አይተው፣ ጤና ተቋም ይታይ።

ይርጋጨፌ ቡናዋ ዓለም ያወቃት ከተማ ናት። እዚያ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት በእንሰት መፋቂያ የተቆረጠ ጣቷን በቡና ዱቄት አሽጋ አገኘኋት። ጌዴኦ ብቻ አይደለም፣ አገራችን ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቡና ይጠጣል እንጂ ቁስል ላይ አይነሰነስም፤ ሐኪሙ ቁስሉን ለማየት መጀመሪያ ያንን ሲጠርግ ነው የሚውለው። ጥይት የመታው ሰው ዘንድ ግን ጊዜ የሚባል ነገር ስለሌለ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠመንጃው ይራቅ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጅ በሙሉ ክብደታችሁ ጫኑት፤ ለአሥር ደቂቃ አንስታችሁ አትዩ። ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር እየፈለቀ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ርቃችሁ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሦስት ጣት ስፋት ባለው ጨርቅ እሰሩትና እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙ። ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሆስፒታል እስኪደርስ አትፍቱት። ውኃም ሆነ ወተት አታጠጡት፣ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል። ልብስ ደርቡለት፤ ደም የፈሰሰው ሰው ይበርደዋል። እርሳሱን ለማውጣት በጭራሽ አትሞክሩ።

የአደን ጠመንጃ ቁስል ደግሞ ያታልላል። ሆድ ላይ ከምስር የማትበልጥ ቀዳዳ ታዩና ቀላል ነው ብላችሁ ልጁን ታስተኛላችሁ። ውስጡ አንጀት ተበስቶ ሊሆን ይችላል። አንዲትም ብትሆን ሆስፒታል ይታይ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይረሳ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከገጠር መንደር እስከ አስፋልት ያለውን መንገድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ዛሬ እወቁ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ያሳለፍኩት ቡሌ ነው። ከዲላ ሽቅብ ሲወጡ ቡናው እያነሰ፣ እንሰቱ እየበዛ፣ ብርዱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ማታ እሳት ዳር ቆጮ በአይብ ይቀርባል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጠመንጃ አለው፤ ወናጎ የሆነውን ስነግረው በማግስቱ ዲላ ወርዶ ብየዳ ቤት ጠባብና ረጅም የብረት ሣጥን አዘዘ። ጥይቱን ለብቻ ሊቆልፍ ደግሞ ሚስቱ የጥሎሽ ልብሷን የምታስቀምጥበትን ትንሽ ሣጥን ጠየቃት፤ አልሰጥም አለች። ሲጨቃጨቁ አመሹ። በመጨረሻ የተስማሙት የጠመንጃው ቁልፍ እሱ አንገት ላይ፣ የጥይቱ ቁልፍ እሷ መቀነት ውስጥ እንዲሆን ነው። አንዱ ያለ ሌላው መክፈት አይችልም። ይህን እኔ አልመከርኳቸውም፤ ከእነሱ ነው የተማርኩት።

ልጃቸው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "ሲስተር፣ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ጠመንጃ ባይስ?" ብሎ ጠየቀኝ። አትንካ፣ ጓደኛህም ሲነካ ቆመህ አትይ፣ ከቤቱ ውጣና ለትልቅ ሰው ንገር አልኩት። "ትልቅ ሰው ከሌለስ?" አለ። ወደ ቤትህ ና፣ አልኩት። አባቱ ቀበል አድርጎ "ቢመሽም ቢዘንብም ና፣ አንቆጣህም" አለው።